እናቴ ለክታ ያልጻፈችው

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ልብስ ሰፊ ስላችሁ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የተቀደደ ጉልበት የምትጥፍ ብቻ እንዳትመስላችሁ። በዚያን ጊዜ በከተማችን ውስጥ ኮቱ ትከሻው ላይ ያለ እንከን የተቀመጠለት ሰው ካያችሁ፣ ያ ሰው እናቴ ፊት ቆሞ እጁን ዘርግቷል ማለት ነው። ሁለተኛ ሥራዋ ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢነት ነበር። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ሰብሳቢነት ከልብስ ስፌት ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ቁልፍና እንደ ቁልፍ ቀዳዳው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውም፣ ውሃ ጠፋ ሊል የመጣውም የሚቀመጠው እዚያችው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። እሷም ስፒሉን ከከንፈሯ ሳታወጣ «እሺ፣ ይታያል» ትላለች፤ ለሱሪውም ለውሃውም።

አባቴ ሹፌር ስለነበር ከቤታችን ይልቅ መንገዱ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ውሎዬ ከእናቴ እግር ሥር፣ ከመቁረጫ ጠረጴዛው በታች ነበር። ብጥስጣሽ ጨርቅ የሚወድቀው እዚያ ነዋ። ልጆቼ፣ ከጠረጴዛ ሥር ሆኖ ለሚያይ ሰው ዓለም ማለት ጫማ ነው። የከተማውን ሰው ሁሉ በፊቱ ሳይሆን በጫማው ነበር የምለየው።

ከሱቃችን ፊት ለፊት ፀጉር አስተካካዩ አለ። ምላጭ ነበር የምንለው፤ ለሥራው ብቻ አይደለም፣ ለአፉም ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ከእናቴ ጋር ይወዳደራል፣ በመጣ ቁጥር ይሸነፋል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ምርጫ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ሥራዋን ይተቻል።

«አንቺ የመንግሥት ልጅ» ይለኛል ሳልፍ፣ «የመንገዱ መብራት ከጠፋ ሰነበተ በያት። በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት የቻለች ሴት አምፖል መቀየር አያቅታትም።»

ይህንን ስነግራት እናቴ ቀና ሳትል «የራሱን መላጣ ያልሸፈነ ሰው ለከተማ ያስባል» ትላለች።

አንዱ የሌላውን ደፍ ሲረግጥ ታይቶ አይታወቅም። አባቴ ብቻ ነው ሁለቱንም የሚረግጠው። ለምን ምላጭ ዘንድ ትቆረጣለህ ሲባል «ፖለቲካ ሌላ፣ ፀጉር ሌላ» ይላል።

በዚያ ዓመት ነው እንግዲህ ባለ ጡሩምባው የመጣው። የዚያው የከተማችን ልጅ ነው፤ ብዙ ዓመት ርቆ ኖሮ፣ ጣሪያዋ ላይ ትልቅ የቆርቆሮ ጡሩምባ የታሰረባት መኪና ይዞ ተመለሰ። መጀመሪያ ስለ ሥራ አወራ። ወጣቱ ሥራ አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ይውል ነበርና ሰማው። ያ ውሸት አልነበረም። ውሸቱ የመጣው ቀጥሎ ነው፤ ሥራችሁን የበሉባችሁ ማዶዎቹ ናቸው ሲል።

ማዶ የምንለው ከወንዙ ወዲያ ያለውን ሰፈር ነው። የጡብ ፋብሪካው ሲከፈት ለሥራ የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት ነው፤ እኔ ገና ሳልወለድ። በከተማው ውስጥ የቆመው ግድግዳ ሁሉ በእነሱ እጅ ያለፈ ጡብ ነው። ጓደኛዬ ፌንጣ የተወለደችው እዚያ ነው። ፌንጣ ያልናት መራመድ ስለማታውቅ ነው፤ ትዘላለች እንጂ አትራመድም። ጡሩምባው «መጤዎቹ ይውጡልን፤ ከምርጫው በኋላ ድልድዩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሻገሩት» እያለ ሲዞር፣ እኔና ፌንጣ ከመኪናዋ ኋላ እየሮጥን እናጨበጭብ ነበር። ድምፁ ደስ ይላል፤ ጡሩምባው ሲያስተጋባ ሆድ ውስጥ ይገባል። ስለ እሷ እየተናገረ መሆኑን እሷም አላወቀች፣ እኔም አላወቅሁ። በሩ ላይ ቆሞ ያየን ትልቅ ሰው ሁሉ ግን ያውቅ ነበር። 

አንድ ቀን ባለ ጡሩምባው ራሱ ሱቃችን ገባ። የሚያብረቀርቅ ጫማ ነው፤ ጭቃ የሚባል ነገር አያውቅም።

«እትዬ፣ ሥራ አምጥቼልሻለሁ» አለ። «ግራጫ ኮፍያ። ለልጆቼ።»

«ስንት ልጅ አለህ?»

«ከተማው ሙሉ።»

«እሰይ» አለች እናቴ። «አንድ በአንድ ላካቸዋ። ራስ ሳልለካ ኮፍያ አልሰፋም።»

«መለካት አያስፈልግም። ሁሉም አንድ ልክ ይሁን።»

«ጭንቅላት አንድ ልክ የለውም፣ ወንድሜ። ሙያዬን አታበላሽብኝ።»

ጫማዎቹ ዞረው ወጡ። ኮፍያዎቹን ሌላ ቦታ አሰፋቸው። እውነትም አንድ ልክ ናቸው፤ አንዱ ልጅ አናቱ ላይ እንደ ስኳር ዕቃ ክዳን ጉብ ይልበታል፣ ሌላው ላይ ዓይኑ ድረስ ይወርዳል። እኔና ፌንጣ ስንስቅ ሰነበትን። እናቴ አልሳቀችም። ሥራው አምልጧት የቆጫት መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የከተማው አዳራሽ መስኮቶች ረገፉ። ነፋስ ነው አሉኝ። ነፋስ ድንጋይ እንደማይወረውር ለማወቅ ዕድሜ ይጠይቃል። እናቴም በዚያው ቀን ግንባሯ ላይ ፕላስተር ለጥፋ መጣች፤ «ጎንበስ ስል ጠረጴዛው መታኝ» አለች። አመንኳት፤ እኔንም ጠረጴዛው ይመታኝ ነበርና። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ እናቴ ስለ ማዶ ሰዎች እንነጋገር ብላ ሕዝቡን አዳራሽ ጠርታ ነበር፤ ባለ ኮፍያዎቹ በድንጋይ በተኑት። ከዚያ በኋላ ለስብሰባ ክፍል የሚሰጥ ጠፋ። ሦስት አራት ሰው ቆሞ ካወራ አንድ ኮፍያ መጥቶ ከጎኑ ይቆማል። ፖሊሶቹም ያን ሰሞን ሰማይ ሰማይ ማየት አብዝተው ነበር።

ምላጭ ሱቃችን የገባው በዚያው ሳምንት ነው። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ጫማውን ሳይ ዓይኔን አላመንኩም። ጥቁር ጫማ፣ የሰው ፀጉር የተበተነበት።

«ደፍሽን ረገጥኩ» አለ።

«አየሁ። እግርህን ጥረግ።»

ጠረገ። አግዳሚው ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።

«እትዬ፣ አንቺም ከቆምሽ እኔም ከቆምኩ ሰዉን ለሁለት ነው የምንከፍለው። እሱ በመሃል ሾልኮ ያልፋል።»

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።»

«እንግዲያው እኔ ልተወው።»

መቀሱ ቆመ። እናቴ መቀስ ጨርቅ መሃል ላይ አታቆምም፤ ጨርቁ ይበላሻል።

«አንተ ብትተው» አለች ቀስ ብላ፣ «ያንተዎቹ ለእኔ አይሰጡም። ይህን ሁሉ ዓመት እኔን እንዲጠሉ አስተምረሃቸዋል፤ መቼም ጎበዝ አስተማሪ ነህ። እኔ ብተው ግን የእኔዎቹ ላንተ ይሰጣሉ። እያማረሩ ነው የሚሰጡት፤ ግን ይሰጣሉ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ወንበርሽን እኮ ነው የምትይው።»

«ወንበሩ የትም አይሄድም። የሚሄዱት ሰዎቹ ናቸው።»

የምላጭ ጫማዎች ወደ በሩ ሄደው ተመለሱ። 

«ሰው ምን ሆና ነው ቢለኝስ?» አለ።

«ደክሟታል በላቸው። እኔም ደክሞኛል ነው የምለው። ምክንያቱን ካወቀ ጡሩምባው ሌላ ዘዴ ያመጣል።»

ልጆቼ፣ ይህ ሁሉ ሲባል ከእግራቸው ሥር ተቀምጫለሁ። ወንበሩ፣ ምርጫው፣ መተው መቆሙ፣ ሁሉም እንደ ትልልቅ ሰዎች ወሬ በጆሮዬ አልፎ ሄደ። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናቴ ታማለች። ደክሞኛል ብላ የማታውቅ ሴት ደክሞኛል አለች። በማግስቱም ለዳቦ ጋጋሪዋ አለች፣ ለውሃ ቀጂው አለች፣ ለጠየቃት ሁሉ አለች። ለፌንጣ ብነግራት ይብስ አስደነገጠችኝ።

«አያቴ ስታወራ ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ባሏ ደክሞኛል ብሎ ጋደም ነው ያለው። በዚያው አልተነሳም።»

ከዚያ ወዲያ እናቴ ጋደም እንዳትል እጠብቃት ጀመር።

ጋደም አላለችም። ጭራሽ ቤት ለቤት እየዞረች ሰው መለካት ጀመረች። ሱቁን በጊዜ ትዘጋለች፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፣ ለእኔ የስፒል መያዣውን ትሰጠኛለች፣ እንወጣለን። ባለ ኮፍያዎቹ ጥግ ጥጉን ቆመው ያዩናል፤ አያስቆሙንም። ወንበሯን ትታ ወደ መርፌዋ የተመለሰች ሴት ምን ታመጣለች? እንዲያውም አንዱ «እትዬ፣ ይሻልሻል ይሄ» ብሏታል። እሷም «አዎ ልጄ፣ በጣም ይሻለኛል» አለችው።

የሰው ቤት ገብታ በሩ ሲዘጋ ሴትየዋን ታቆማታለች፣ ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ትዘረጋለች፣ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ መንሾካሾክ ነው። ትልልቅ ሴቶች የወገባቸው ልክ እንዲሰማባቸው አይፈልጉም፤ ለዚያ ነው ብዬ አሰብኩ። አንዳንዴ ቃል ያመልጣቸዋል። ድልድዩ ይላሉ። በጠዋት ይላሉ። አንዴ ዳቦ ጋጋሪዋ «እኔ የጡብ ጫኙን ሚስት እወስዳለሁ፣ ምስኪን ናት» ስትል ሰማሁ። የጡብ ጫኙ ሚስት ልብስ የምትለካ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ የምታሰፋላት መሰለኝ። ታዲያ ለማዶ ሰዎችም ሁሉ ልብስ ሊሰፋ ነው ማለት ነው። ለፌንጣ ነገርኳት። ቀይ ይሁንልኝ አለች።

ግን አንድ ነገር አስጨነቀኝ። እናቴ አትጽፍም።

እናቴ ማለት ለክታ ሳትጽፍ ሜትሯን የማትጠቀልል ሴት ናት። የቆረጠችው ጨርቅ ጥግ ላይ በጠመኔ፣ ወይ የሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት ብላ ታሰፍራለች። አሁን ግን ለክታ ዝም። የአንዷን ትከሻ ሁለት ጊዜ ስትለካ አየኋት። አንዴማ ሜትሩን ገልብጣ ይዛው ነበር፤ ቁጥሩ ወደ ታች ሆኖ።  ድካሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ገባ አልኩ። ይህን ሁሉ ሰው ለክታ፣ ጨርቁ ሲመጣ የማንም ልክ ሳይኖራት ሰው ፊት ልታፍር ነው።

አሁን ስታስቡት ግልጽ ነው፤ ባትነግሩኝም። ሜትሩ የይለፍ ወረቀቷ ነበር። አዳራሽ የተከለከለውን ስብሰባ በየሰዉ ትከሻ ላይ እየዘረጋች ታካሂደው ነበር። እንዳይጻፍ ደግሞ ነገሩ ራሱ ያስገድዳል፤ የተጻፈ ነገር ይያዛል። ያኔ ግን ማን ይንገረኝ። «እማ ረሳሽ» ብላት ታፍራለች፤ ስለዚህ እኔው ልይዝላት ወሰንኩ። እሷ ሜትሩን ስትዘረጋ ጠጋ ብዬ ቁጥሩን አያለሁ፣ መንገድ ላይ በሆዴ እየደገምኩ እሄዳለሁ። የማባዣ ሰንጠረዥ አልይዝ ብሎ መምህሬን ያስመረረ ራስ የከተማውን ወገብ ሁሉ ያዘ።

አንድ ቀን ረጅሙ የምንለው ልጅ ቤት ሄድን። ረጅሙ ከባለ ኮፍያዎቹ አንዱ ነው፤ ኮፍያው ዓይኑ ድረስ የሚወርድበት። እናቴ እናቱን እየለካች ሳለ ከውጭ ገባ።

«እትዬ፣ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እናትህን እለካለሁ። አንተንም ሆዷ ውስጥ እያለህ ለክቼሃለሁ። ና ቁም እስቲ።»

«እኔን? ለምን?»

«ኮፍያው ዓይንህን ጋርዶታል። ልኩን ልየው።»

አፈረና ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለላት። ሜትሩን ግንባሩ ላይ አዞረች፣ ያዝ አድርጋውም ቆየች።

«ደህና ጭንቅላት ነው» አለች። «ብዙ ነገር ይይዛል። ምነው ታዲያ አንድ ነገር ብቻ አስቀመጥክበት?»

እናቱ ሳቋን በእጇ አፈነች። ልጁ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀና ወጣ። በሩ ሲዘጋ የእናቱም ሳቅ ጠፋ።

«እንዴት አድርጌ ነው በገዛ ልጄ ፊት የማልፈው?» አለች። «ሰው ሁሉ እያየ ቢገፋኝስ?»

እናቴ ሜትሩን እየጠቀለለች «የገዛ እናቱን የሚገፋ ኮፍያ ገና አልተሰፋም» አለች። «ከተሰፋም ብቻሽን አይደለሽም። ሁላችንም እዚያው ነን።»

እኔ የያዝኩት የረጅሙን ራስ ልክ ነው። እሱንም አልጻፈችውም ነበርና።

በምርጫው ዋዜማ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ብቻዋን የስፌት መኪናዋን ዘይት ትቀባ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር አልገባሁም። ፊቷ ቆምኩ።

«እማ፣ አታፍሪም» አልኳት። «ሁሉንም ይዤልሻለሁ።»

«ምኑን?»

ጀመርኩላት። የዳቦ ጋጋሪዋን ትከሻ፣ የውሃ ቀጂውን ሚስት ወገብ፣ የረጅሙን እናት ቁመት፣ የረጅሙን ራስ። ሳልሳሳት ዘለቅሁት። እናቴ የዘይቱን ጨርቅ እንደያዘች አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አይታኝ እንደማታውቅ ሰው አየችኝ።

«ለማንም ነግረሻል?» አለች መጀመሪያ።

«ለፌንጣ ብቻ። ቀሚሷ ቀይ እንዲሆን ትፈልጋለች።»

ትንፋሿን ለቀቀች። ከዚያ ወደ ራሷ ሳበችኝ፤ የመኪና ዘይት ትሸት ነበር።

«እኔ እኮ አልታመምኩም።»

«ደክሞኛል ብለሻል። ለሁሉም ብለሻል።»

«ብያለሁ። ነገ ምርጫው ያልቅና አይደክመኝም። እስከዚያ ድረስ አንቺ ልኩን ያዢልኝ፤ ለማንም አትናገሪ።»

ልቤ ሙሉ በሙሉ ባይረጋም አደራ ተሰጥቶኛል። አደራ ያለበት ልጅ ብዙ አይጠይቅም።

ጠዋት ሰዉ ሁሉ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ አየሁና ከፋኝ። ሁሉም አሮጌ ልብሱን ለብሷል። አንድም አዲስ ቀሚስ የለም። እናቴም የሥራ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ምላጭ ፎጣው ትከሻው ላይ እንዳለ ከፊት ይሄዳል። ምርጫ ጣቢያው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ከእኛ በላይ፤ ሰዉ ግን ቁልቁል ወደ ድልድዩ ይወርዳል።

ባለ ኮፍያዎቹ ድልድዩ አፍ ላይ ዱላ ይዘው ተደርድረዋል። የባለ ጡሩምባው መኪና ከኋላቸው ቆማለች። የታዘዙት ከማዶ የሚመጣውን መራጭ እንዲመልሱ ነው። ወደ ማዶ የሚሄድ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ፣ እኛ ስንመጣ ግራ ገባቸው። ምላጭ «እንደምን አደራችሁ፣ ፀጉራችሁ አድጓል» እያለ በመሃላቸው አለፈ። ሁላችንም ተከትለን ተሻገርን።

ማዶ ሰፈር መንገዱ ላይ ሰው የለም። በሩ ሁሉ ዝግ ነው። የእኛ ሰፈር ሴቶች የየበሩን እያንኳኩ ገቡ። እኔ በሩጫ ፌንጣ ቤት ሄድኩ። አልጋው ተፈታትቶ ግድግዳ ተደግፏል። ወለሉ ላይ በገመድ የታሰሩ ትልልቅ ጓዞች ተቆልለዋል፣ አያቷ ጓዙ ላይ ተቀምጣለች።

«ጉዞ ልትሄዱ ነው?» አልኩ።

«አጎቴ ጋ» አለች ፌንጣ ኮራ ብላ። «በጣም ሩቅ ነው። በመኪና ነው የሚኬደው።»

ቀናሁ። እኔ አባቴ ሹፌር ሆኖ እንኳ ሩቅ አገር ሄጄ አላውቅም።

እናቴ ከኋላዬ ገባች። ጓዙን አየች።

«እማማ፣ ይነሱ። ልንመርጥ ነው።»

«እናንተ ምረጡ፣ ልጄ» አለች አያት። «እኔ በዚያ ጡሩምባ ስንቴ ውጪ ተብያለሁ። ሰው ሳይጠራኝ ያን ድልድይ አልሻገርም ብያለሁ።»

«ልጠራዎት ነው የመጣሁት። ራሴ።»

ክንዷን ሰጠቻት። አሮጊቷ ክንዱን አየች፣ እናቴን አየች፣ ከዚያ ከጓዙ ላይ ተነሳች።

ስንመለስ ከእኛ ሰፈር አንድ፣ ከማዶ አንድ እየሆንን፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ የጡብ ጫኙን ሚስት ይዛለች። ምላጭ የጡብ ምድጃውን ኃላፊ ይዞ የፂሙን ነገር ይነግረዋል። እኔና ፌንጣም እጅ ለእጅ ተያያዝን፤ አዲስ ጨዋታ መስሎን። ከሁሉም ፊት የረጅሙ እናት ናት፤ ክንዷን ያጣመረችው ከፌንጣ እናት ጋር ነው። ድልድዩ መሃል ስንደርስ ረጅሙ ዱላውን አግድም ይዞ ወጣ።

«እማ፣ ተመለሺ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጓደኛዬን ይዤ ነው የምሄደው።»

«አንቺ እለፊ። እሷ አታልፍም።»

«እሷ ካላለፈች እኔም አላልፍም። ማዶ እቀራለሁ። ምሳህንም መጥተህ እዚያ ትበላለህ።»

ከኮፍያዎቹ መሃል አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ጡሩምባው ከኋላ «አታሳልፏቸው» ብሎ አንባረቀ፤ የድንጋዩ ድልድይ ራሱ ነዘረ። ረጅሙ ወደ ጡሩምባው ዞረ፣ ወደ እናቱ ዞረ። ከእናቱ ኋላ ደግሞ የሌሎቹ እናቶች፣ አክስቶች፣ አስተማሪዎች ቆመው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ልጅ በዓይን ይፈልጋሉ። ኮፍያው እንደ ልማዱ ዓይኑ ላይ ወረደበት። አውልቆ ኪሱ ከተተውና የድልድዩን ግድግዳ ተጠጋ። እሱ ሲጠጋ የጎኑ ልጅ ተጠጋ። አለፍን።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ባለ ጡሩምባው በሚያብረቀርቅ ጫማው መጥቶ በቀጥታ ወደ ፊት አለፈ። የፌንጣ አያት እናቴን ተደግፋ ከፊት ቆማለች።

«ወዴት ነው ልጄ?» አለችው።

«እጩ ነኝ እኔ።»

«ይቅናህ። እኔም መራጭ ነኝ። ሰልፉ ከዚያ ነው የሚጀምረው» አለችና በከዘራዋ ወደ ኋላ አመለከተችው።

ሰዉን ሁሉ አየ። ማንም ቦታ አልለቀቀለትም። ሄዶ መጨረሻ ላይ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጡብ ጫኝ ከነአቧራው መጣና ከኋላው ተሰለፈ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደረጃው ላይ ወጥቶ ውጤቱን አነበበ። ምላጭ አሸነፈ። በሰፊው አልነበረም። ከእኛ ሰፈር ጥቂት የማይባል ሰው ለጡሩምባው ሰጥቷል፤ እነማን እንደሆኑ ማንም አልጠየቀ፣ እናቴም ልብሳቸውን መስፋቷን አላቆመችም። ባለ ጡሩምባው «ተሰርቋል» ብሎ ሦስት መንገድ ዞረ፤ የሚከተለው ቢያጣ መኪናዋን አቆመ። ምላጭ ከደረጃው ላይ ሆኖ እናቴን ወደ ላይ ሊስባት እጁን ዘረጋ። እሷ «አርፈህ ቁም፣ ነገ ስለ መብራቱ ላናግርህ እመጣለሁ» ብላ እጁን ጨበጠችውና ወደ ሕዝቡ ተመለሰች። ስታልፍ አየኋት። ደከመኝ አላለችም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ማዶ ወረድን። ፌንጣ በሩ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ መኪናው ቀርቶባት። እቤት ውስጥ እናቷ አልጋውን እየገጣጠመች ነው፣ አያቷ ከጓዙ ጋር ትታገላለች።

«አትሄዱም እንዴ?» አልኳቸው።

«አንሄድም» አለች የፌንጣ እናት።

ዓይኗ በእንባ ተሞላ። አሳዘኑኝ። ይህን ሁሉ ጓዝ አስረው ጉዞው ሲቀር። ጠጋ ብዬ ቀሚሷን ያዝኩና «አይዟችሁ፣ ሌላ ጊዜ ትሄዳላችሁ» አልኳት።

ሦስቱ ሴቶች ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው አያቷ ናት፣ ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ የፌንጣ እናት እንባዋ ላይ ሳቀች። እኔ ምን እንዳጠፋሁ ሳይገባኝ ቆምኩ። ለምን እንደሳቁ እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ የልጅ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው።

«ነይ አንቺ አጽናኝ» አለችኝ አያት ዓይኗን እየጠራረገች። «ይህን ቋጠሮ የፌንጣ አባት ነው በፍርሃት ያሰረው፤ አልላላ አለኝ። እኔ ጥርስ የለኝም፣ የእናትሽ ደግሞ በስፒል አልቋል። ነይ ንከሽልኝ፤ ድስቴ እዚህ ውስጥ ነው፣ እነዚህ ልጆች ምሳ አልበሉም።»

ተንበርክኬ ገመዱን ነከስኩት። የጡብ አቧራ አፌ ውስጥ ገባ። እንትፍ አልኩና እንደገና ነከስኩ።